«ዕቃ የሰበረ ይከፍላል»፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች በሳይንስ ደጃፍ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ይህ ሰው ዛሬ በአማራ ክልል ካሉት አነስተኛ ኮሌጆች በአንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። «በሳይንስ ትምህርት ብዝኃነትን ስለ ማሳደግ» የሚል ሰነድ አዘጋጅቶ ኖሮ አስተያየት እንድሰጥበት ፈለገ። ላከልኝ፤ አነበብሁት። መቶኛ አለበት፤ ሠንጠረዥ አለበት፤ «የባለድርሻ አካላት ሚና» የሚል ንኡስ ርእስም አለበት (ይህ ንኡስ ርእስ የሌለበት ሰነድ በሀገራችን ታይቶ አይታወቅም)። ስንት ሴቶች፣ ስንት አካል ጉዳተኞች፣ ከየትኛው ወረዳ ስንት ተማሪዎች እንደሚገቡ በዝርዝር ተጽፏል። ከገቡ በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው ግን አንድም ቃል አላገኘሁበትም። የቤተ ሙከራው በር በሰነዱ ውስጥ የለም።

ውድ አንባቢ፣ የትኛውን በር ማለቴ እንደ ሆነ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ፣ የራሴንም ጥፋት መናገር ይኖርብኛል። ጥፋቱን ለብዙ ዓመታት ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ።

የተወለድሁት ከጉና ተራራ ሥር፣ በጋይንት ምድር ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጋይንትን፣ እስቴንና ፋርጣን ቁልቁል ይመለከታል፤ ስማዳ ደግሞ ከዚያ ወዲያ እየወረደች ከወሎ ጋራ በበሽሎ፣ ከጎጃም ጋራ በዐባይ ትዋሰናለች። ደጋው ገብስና ብርድ፣ ቆላው ጠጠርና ፀሐይ ነው። ሴፍቲኔት የሚባለው የእህልና የገንዘብ ድጋፍ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከመጀመሪያዎቹ ተረጂ ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ይህን የማነሣው ለማሳዘን ብዬ አይደለም። ከዚያ አገር የሚመጣ የሳይንስ ተማሪ ኮሌጅ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ወንፊት እንዳለፈ ሳይታወቅ ስለ ብዝኃነት መነጋገር ስለማይቻል ነው።

ስለ ወንፊቱ ባጭሩ ልናገር። የገጠሩ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ዓርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ወርዶ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋራ አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጧት ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል። እንጀራው ረቡዕ ላይ ይሻግታል፤ ኀሙስና ዓርብ የቆሎ ቀን ነው። ሴቷ ልጅ ይህን ሁሉ ታደርጋለች፤ በላዩም መንገድ ላይ የሚጠብቃት አለ፣ ቤትም «ጠያቂ መጥቶልሻል» የሚላት አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችውን ልጅ ቆም ብላችሁ እዩአት፤ ከእኔና ከእናንተ ይበልጥ የተፈተነች ናት።

ከዚያ ብሔራዊው ፈተና ይመጣል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ስርቆቱ ቀርቶ እውነተኛው ውጤት መታወቁን ከማይቃወሙት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ፈተናው የለካው የተማሪውን አእምሮ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የሳምንት ስንቅ ተሸክሞ የማያውቅ መሆን አለበት።

በሀገራችን «ብዝኃነት» የሚለው ቃል ሲነሣ ወዲያው ብሔር ይታሰባል። ይህም ምክንያት አለው። የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን ከየክልሉ እያቀላቀለ ሲመድብ ከኖረ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ፈርተው ግቢያቸውን ጥለው ሲወጡ አይተናል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት የአማራ ክልል ተማሪዎች ጉዳይ የወላጅን ልብ ለዘለዓለም ሰብሮታል። ከዚያ ወዲህ «ልጄ ሩቅ አትሄድም፤ እዚሁ አጠገቤ ትማር» የሚል ወላጅ በዝቷል፤ ማን ሊፈርድበት ይችላል? ውጤቱ ግን አቅራቢያ ያሉት ትናንሽ ኮሌጆች ለብዙዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ብቸኛው የሳይንስ በር መሆናቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የማወራው እንግዲህ ስለዚያኛው ብዝኃነት አይደለም። አንድ ቋንቋ በሚናገሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በሚሳለሙ፣ ከአንድ አውራጃ በመጡ ልጆች መካከል ስላለው፣ በየትኛውም ቅጽ ላይ ስለማይሞላው ልዩነት ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆንሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ የጥፋቱ ባለቤት እኔ እንጂ ተቋሙ አይደለምና። ቤተ ሙከራ ነበረን። በሩ ላይ፣ በእጅ ጽሕፈት፣ በቀይ ቀለም «ዕቃ የሰበረ ይከፍላል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ እያንዳንዱን ብልቃጥ በሞዴል 22 ፈርሞ የተረከበ፣ ጡረታው የቀረበ፣ ጠንቃቃ ሰው ነበር። አልፈርድበትም፤ ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጣል። እንግዲህ ያ ማስታወቂያ ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። የከተማው ልጅ ያነበዋል፣ ይስቃል፣ ይገባል። አባቱ የአንድ ቢከር ዋጋ አያጣም። የስማዳው ልጅ ያነበዋል፣ ይገባል፣ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ይቆማል። ሌላው ሲለካ እርሱ ይመዘግባል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ፒፔት ሳይነካ የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ተመርቆ ወደ ወገዳ ይመለሳል፤ ተማሪዎቹንም እጃቸውን አጣምረው እንዲቆሙ ያስተምራል። እኔ ይህን አየሁ፣ ዓይን አፋርነት ነው ብዬ አለፍሁት። «የገጠር ልጆች ለተግባር ትምህርት ፍላጎት የላቸውም» ብዬም በአንድ ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ። ቃለ ጉባኤው ዛሬ ቢገኝ በደስታ እቀደው ነበር።

ቋንቋውም አለ። እኛ በደርግ ዘመን እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምረን በሰባተኛ ክፍል በአንድ ክረምት እንግሊዛውያን እንድንሆን ታዝዘን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ በታችኛው ክፍል «ብርሃን አስተፃምሮ» ብለው በአማርኛ የተረዱትን ነገር፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ «ፎቶሲንተሲስ» ሆኖ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም ከግድግዳ ላይ በሚናገር ፕላዝማ ሲነገራቸው ባዳ ሆነባቸው። ያ ፕላዝማ ሲናገር አይቆምም፤ እጅ ቢያወጡለት አያይም። (መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር እንደ ሰው ዝም የሚለው።) የማያውቀው ልጅና ቃሉን ብቻ ያጣው ልጅ በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ አራሚው ሊለያቸው አይችልም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

በ1998 ዓ.ም. ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ መካከል አንዲት ከስማዳ የመጣች ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጽሕፈቷ የታተመ የሚመስል። የቤተ ሙከራ ሥራ በአምስት በአምስት ተከፋፍሎ ነበር የሚሠራው፤ ተማሪዎቹም ቡድናቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት እርስዋ ያለችበት ቡድን አራቱ አባላት ሌላ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ስጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። በኋላ አንዱ ወደ ቢሮዬ መጣና፣ እንደ ትልቅ ምስጢር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዚያች ልጅ ወላጆች «የእጅ ሠራተኞች» መሆናቸውን፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ፣ አባቷም ብረት ቀጥቃጭ መሆኑን ነገረኝ። ያንን ሌላውን፣ ሁላችንም የምናውቀውንና አፍ አውጥተን የማንለውን ቃል፣ አላለውም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከእኛ ጋራ ተቀምጦ ነበር። እነዚህ ልጆች የአቶምን አወቃቀር ይማራሉ፤ የወቅታዊ ሰንጠረዡን ሃያ ንጥረ ነገሮች በቃላቸው ይዘዋል፤ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋራ በአንድ ብልቃጥ መሥራትን ግን ዓይን ያስበላል ብለው ይፈራሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ተቆጣሁ? ክፍሉን ሰብስቤ ተናገርሁ? የለም። ጥግ ላይ የነበረችውን ትንሽ ጠረጴዛ አስጠርጌ ብቻዋን እንድትሠራ ፈቀድሁላት። «ለአንቺም ይሻልሻል፤ ተረጋግተሽ ትሠሪያለሽ» አልኋት። «እሺ፣ መምህር» አለችኝ። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ያደረግሁት ከቀበሌያቸው ውጭ፣ ከገበያው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ የሰፈሩበትን ያንኑ ልማድ ወደ ቤተ ሙከራ ማስገባት ነበር፤ ያውም በመምህር ፊርማ።

አንድ ቀን በሙከራ መካከል የሸክላ ዕቃ፣ ክሩሲብል የምንለው፣ እሳት ላይ እንዳለ ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ክው አለ። ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከጥግ በኩል የማትናገረው ልጅ ተናገረች። «መምህር፣ ይኼ ዕቃ ገል ያልገባበት ይመስለኛል።» ምን ማለትሽ ነው አልኋት። «እኛ ቤት ጭቃው ሲቦካ የተፈጨ ገል ይጨመርበታል። ገል እሳቱን አንድ ጊዜ የቀመሰ ነው፤ ሁለተኛ አይደነግጥም። ያልገባበት ግን ሲደነግጥ ይሰነጠቃል።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ ከተነገሩት ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ሳይንስ የነበረው ያ ነው። እኔ ግን፣ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውጭ የሆነ ነገር በመምጣቱ ይሁን ወይም መልሱን ባለማወቄ አፍሬ፣ «እዚህ የምንማረው ኬሚስትሪ ነው፤ የምጣዱን ነገር ለገበያ ቀን እናቆየው» አልሁ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እርስዋ አልሣቀችም፣ አላለቀሰችም። ደብተሯን ዘጋች። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር በዝርዝሩ ላይ ስሟ ነበር፤ እርስዋ አልነበረችም።

ከዓመታት በኋላ ስለ እሳት ጡብ የተጻፈ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያንኑ ነገር በሥነ ሥርዓቱ ተጽፎ አገኘሁት። ሸክላ እሳት ሲነካው ከውስጡ ውሃ ይወጣል፤ ይኮማተራል፤ በውስጡ ያለው የአሸዋ ማዕድንም 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መጠኑን በድንገት ይለውጣል። ስለዚህ ቀድሞ የተተኮሰና የተፈጨ ሸክላ ይቀላቀልበታል፤ እርሱ መኮማተሩን ጨርሷልና ጭቃውን ይደግፋል፣ እንፋሎቱንም መውጫ ይሰጠዋል፣ የጀመረውን ስንጥቅም እንዳይሮጥ ይገታዋል። የዓለም ፋብሪካዎች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። በስማዳ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው በመጽሐፍ የለም፣ በአንድ ማዕድም አብረናቸው አንቀመጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ፣ ከተማው ሳይርቅ፣ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡትን እነ ዋልድማየርን፣ እነ ዛልሙለርንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ያሰፈሩበት፣ ወጣት ኢትዮጵያውያንም ከፊደል ጋራ የእጅ ጥበብን እንዲማሩ ትምህርት ቤት ያቆሙበት ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. የቀለጠው እዚያ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንት አልፎ፣ ጨጨሆን ወጥቶ፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጦ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። መንገዱ እየተቆፈረ፣ ጠፍሩ በሰው ትከሻ እየተጎተተ። ያን ብረት የጎተቱት የእኛ ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ሲተረክልን ያደግነውም በኩራት ነው። አስተውሉ እንግዲህ፦ ብረቱ ሲጎተት አገር ሙሉ ይኮራል፤ ብረት ቀጥቃጩ ሲያልፍ እናት የልጅዋን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች።

ንጉሡ ይህ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ባለ እጅን አጠገባቸው አስቀመጡ። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. በእኔ ክፍል ውስጥ ግን ገና አልደረሰም ነበር። በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን «ጋፋት» ብሎ መሰየሙን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ስም መልካም ነው። ከቀጥቃጭ ቤት የወጣ ልጅ በዚያ ኢንስቲትዩት ውስጥ «አባቴ ቀጥቃጭ ነው» ብሎ ያለ ፍርሃት ለመናገር መቻሉን ግን መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ጋይንት ስለ ትምህርት ከማንም ምክር መለመን የማያስፈልጋት አገር ነበረች። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወሎ የመጣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በሣር ጎጆ እያደረ እዚያ ይመሰከር ነበር፤ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ስንት ብር ይዘሃል ሳይባል። ገበሬው ያበላዋል፤ መምህሩ ከአንድ ተማሪ ጋራ ቀለሙ እስኪገባው ድረስ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የገባው ላልገባው ያስቀጽላል። የድሀ ልጅ ከጌታ ልጅ ጋራ በአንድ መደብ ላይ ይቀመጣል። ያንን ቤት ግን የምናሞግሰውን ያህል ልንወቅሰውም ይገባል፤ ሴት አይቀበልም ነበርና፣ የቀጥቃጭም ልጅ ደፍሮ አይመጣበትም። ደግሞም ደንቡ ራሱን ሲጥስ አይተናል፦ በጎጃም ጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት፣ ሴትነታቸውም ዓይነ ስውርነታቸውም ሳያግዳቸው ነው። ዛሬ በእኛ ኮሌጆች ዓይነ ስውር ተማሪ ሲመጣ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመራል። የቅኔው ቤት አንዲት ገላነሽን አፈራ። የፊዚክሱ ቤት ስንት አፍርቷል?

በውጭው ዓለምም ይህን በሚገባ የሠራ ትንሽ ኮሌጅ አለ። በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሚገኘው ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ለጥቁር አሜሪካውያን የተመሠረተ፣ ከታላላቆቹ ጋራ ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ሀብት ያለው ትንሽ ተቋም ነው። ሆኖም ለረጅም ዓመታት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙ ጥቁር ተማሪዎችን በመላክ ግንባር ቀደም ሆኖ ኖሯል። ምስጢሩ መሣሪያ አልነበረም። ደካማ ሆኖ የመጣውን ተማሪ በመጀመሪያው ክረምት ይሰበስቡታል፤ የኬሚስትሪ መምህራኑ ተስማምተው አንድ ዓይነት መልመጃ ያዘጋጃሉ፤ ተማሪውን ብቻውን አይተዉትም፣ በቡድን እንዲያጠና ያደርጉታል። ይህን ሳነብ ቤተልሔምን አስታወሰኝ፤ ቅጸላ ማለት ይኸው አይደለምን? እኔም ያችን ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ አስታወስሁ።

በ2010 ዓ.ም. ዘመድ ጥየቃ ወደ ስማዳ ወርጄ ነበር። ገበያ ውስጥ ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ወደ አንዷ ጠጋ ብዬ፣ እንዲሁ ለመጠየቅ ያህል፣ የዚያችን ልጅ ስም አነሣሁ። ሴትየዋ እንስራውን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱና አዩኝ።

«ልጄ ናት» አሉ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«አስተምሬያት ነበር፣ እናቴ።»

ረዘም ያለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ነግራኛለች» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ምን እንደ ነገረቻቸው ልጠይቃቸው አልደፈርሁም። የት እንዳለች ጠየቅሁ፤ አረብ አገር ሄዳ እንደ ነበር፣ ተመልሳም ባሕር ዳር ሻይ እየሸጠች መሆኑን ነገሩኝ። አንድ ጀበና ገዛሁ። ከዋጋው አስበልጬ ልከፍላቸው ብል ትርፉን ቆጥረው መለሱልኝ። «መጀመሪያ ሳታሟሹት እሳት ላይ እንዳትጥዱት» አሉኝ፤ ሌላውን ደንበኛ ማነጋገር ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ አገሩ መከራ ላይ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በጦርነት ተይዛ ሴቶቻችን የደረሰባቸውን ዓለም ሰምቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነገረ። መንግሥትም ይሁን የታጠቀው ወገን፣ የትምህርት ቤት ደጅ ሲዘጋ መጀመሪያ ውጭ የሚቀረው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልሰማሁም። የከተማው ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሻገራል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ወደ ጭቃው ትመለሳለች። «ጦርነቱ ሳያልቅ ስለ ቤተ ሙከራ ታወራለህን?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አዎን፣ አወራለሁ። ተረፍ ብለው ዛሬ ኮሌጅ የደረሱት፣ በማካካሻ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የተቀመጡት ጥቂቶች የመጡት ከዚያ እሳት ነው፤ እነርሱን ዳግመኛ በሣቅ የሚመልሳቸው መምህር ጦርነቱን ማመካኘት አይችልም።

ለባልደረባዬ መልስ ጻፍሁለት። መቶኛህን አልነካብህም፤ ጥሩ ነው አልሁት። ነገር ግን በበሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንሣ። የሚሰበረውን ብልቃጥ በዓመቱ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው አስበው፤ የማይሰበርበት ቤተ ሙከራ ሥራ የማይሠራበት ቤተ ሙከራ ነውና። የሙከራ ቡድኑን ተማሪዎቹ አይምረጡ፤ በየሳምንቱ ዕጣ ይውጣ፣ ዕጣው የደረሰው ከደረሰው ጋራ ይሥራ፤ እምቢ ያለ ከውጤቱ ይቀነስበት፣ ምክንያቱም በግልጽ ይነገረው። መጀመሪያ በአማርኛ ይግባቸው፣ እንግሊዝኛው ይከተላል። በሁለተኛው ወር አንዲት ሸክላ ሠሪ ከነጭቃቸው ጠርተህ ክፍሉ ፊት ያስተምሩ፤ ለእንግዳ መምህር የምትከፍለውን አበል ክፈላቸው፤ አንተም እንደ ተማሪ ቁጭ ብለህ ማስታወሻ ያዝ።

ከአራት ቀን በኋላ ደወለ። ስለ ሸክላ ሠሪዋ የፋይናንስ ክፍሉን ጠይቆ ኖሯል። ለሸክላ ሠሪ የእንግዳ መምህር አበል የሚከፈልበት የሂሳብ መደብ የለም ተብሏል፤ የትምህርት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሁለታችንም ሣቅን፤ መራራ ሣቅ ነበር። «ከኪሴ እከፍላለሁ» አለ። ዕጣውን ጀምሮታል፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጆች አኩርፈው ወጥተዋል፣ አንዱ ተመልሷል። ማስታወቂያውንም ራሱ ነቅሎታል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን ተከትሎት ቢሮው ድረስ መጥቷል። «እንግዲህ የሚሰበረው ዕቃ በማን ስም ይመዝገብ?» ብሎ።

«ምን አልኸው?» አልሁት።

«በእኔ ስም ይመዝገብ አልሁት።»